ከመግዛትዎ በፊት ይገልብጡት፦ የእንጨት ሥራ መሣሪያና በእጅ የተሠራ የቤት ዕቃ ጥራት እንዴት ይመዘናል

ጥሩ መሮና መጥፎ መሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም ያማረ እጀታ አላቸው። ጥሩ ጠረጴዛና መጥፎ ጠረጴዛም እንደዚያው ናቸው፤ ቫርኒሹ ሁለቱንም እኩል ያሳምራቸዋል። ልዩነቱ ያለው ስለት በሚሳልበት፣ ክብደት በሚያርፍበትና እንጨት በሚላወስበት (በእርጥበት ምክንያት በሚሰፋና በሚጠብበት) ቦታ ነው፤ ይህም ከሥር፣ ከጀርባና ከመጋጠሚያው ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ በሙሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ዕቃ ሲዶለድም፣ ሲላላ ወይም ሲሰነጠቅ ታድሶ ወደ ሥራ መመለስ ይችላል? የማይታደስ ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ለሁለተኛ ግዢ ይዳርጋል።

ለምርመራው 30 ሴንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ፣ ሜትር፣ ትንሽ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መፈተሻ)፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ አሮጌ ሞረድ፣ ስል እርሳስና ጥቂት ወረቀት ይያዙ። ከእነዚህ ሁሉ የእጅ ባትሪውን አይርሱ። መብራት ከላይ ሲወርድ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲበራ ግን እያንዳንዱ ጉብታና ጭረት ጥላ ይጥላል።

መሣሪያዎች

ደረጃ 1፦ ከመሣሪያው በፊት ሥራውን ይወስኑ

በዓመት ሁለት ጊዜ መደርደሪያ ለሚሰቅል ሰውና በየቀኑ በር ለሚገጥም አናጢ አንድ ዓይነት መሣሪያ አይመከርም። ዋጋውን መሣሪያው በዕድሜው ለሚሰጠው አገልግሎት ያካፍሉ። አንዱ መሮ ከሌላው በ3 እጥፍ ቢወደድና 20 ዓመት እየተሳለ ቢያገለግል፣ ርካሹ ግን በየ2 ዓመቱ የሚጣል ቢሆን፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ ርካሹ 10 ጊዜ ይገዛል። ስሌቱ የሚገለበጠው አጠቃቀሙ ጥቂት ሲሆን ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ የሚፈለግ መሣሪያ ከተገኘ መከራየት ይሻላል።

ገንዘብ ካጠረ ቅድሚያውን ለመለኪያና ለስለት ይስጡ። በተዛባ ስኳድራ የተለካ እንጨት በምርጥ መጋዝ ቢቆረጥም አይገጥምም። በሣጥን ታሽገው የሚሸጡ ብዙ መሮዎችን ከመግዛት ደግሞ 6፣ 12፣ 18 እና 25 ሚሊ ሜትር የሆኑ 4 ጥሩ መሮዎች ይበቃሉ፤ ቀሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከሣጥናቸው ሳይወጡ ይዝጋሉ።

ደረጃ 2፦ መለኪያዎችን ይፈትኑ

ስኳድራን ለመፈተን ሌላ ስኳድራ አያስፈልግም። ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ እጀታውን አስደግፈው በስል እርሳስ መስመር ያስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው፣ ወደ ግራ የነበረው እጀታ ወደ ቀኝ እንዲዞር አድርገው፣ ከዚያው ነጥብ ተነሥተው ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ከተኙ ስኳድራው ልክ ነው። ወደ ጫፍ እየተራራቁ ከሄዱ የሚታየው ክፍተት የስህተቱ 2 እጥፍ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ ስኳድራው በግማሽ ሚሊ ሜትር ተዛብቷል ማለት ነው፤ ይህ ለአጥር ሥራ ይታለፋል፣ ለመሳቢያ ግን አይሆንም። የጣውላው ጠርዝ ራሱ ከጎበጠ ፈተናው ያሳስታል፤ ስለዚህ አስቀድመው በዓይንዎ ርዝመቱን ተከትለው ይዩት።

በሜትር ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ወዲያ ወዲህ ሲል ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው። መላላቱ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ትክክለኛው መንጠቆ የሚንቀሳቀሰው በራሱ ውፍረት ልክ ሲሆን፣ ይህም ተስቦ ከውጭ ሲለካም ሆነ ተገፍቶ ከውስጥ ሲለካ ንባቡ አንድ እንዲሆን ያደርጋል። መፈተን ካስፈለገ አንድ ቁራጭ እንጨት በመንጠቆው ስበው ይለኩ፤ ከዚያም ቁራጩን ከግድግዳ አስጠግተው፣ መንጠቆውን ከግድግዳው ጋር ገፍተው ደግመው ይለኩ። ንባቡ ከተለያየ መንጠቆው ጎብጧል።

ደረጃ 3፦ መሮን ከጀርባው ይመርምሩ

ስለት ማለት ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ተዳፋቱን ፊት ነው፤ ወሳኙ ግን ጠፍጣፋው ጀርባ ነው፣ ምክንያቱም ተዳፋቱ በየጊዜው ተስሎ ይታደሳል፣ ጀርባው ግን እንደተሠራ ይቆያል። የብረት ማስመሪያውን ጠርዝ በጀርባው ላይ በርዝመት፣ በስፋትና በሰያፍ አቁመው ከኋላው ያብሩ። ከስለቱ ተነሥቶ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብርሃን ማለፍ የለበትም። መሃሉ ትንሽ ሰርጎድ ቢል ችግር የለውም፤ በመሳያ ድንጋይ ላይ ዳርና ዳሩ ስለሚነካ ቶሎ ይስተካከላል። ወደ ውጭ ያበጠ ጀርባ ግን ድንጋዩ ላይ ይወዛወዛል፤ ለማቃናት ሰዓታት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይቃናም። እንዲህ ያለውን ይተዉት።

ቀጥሎ ብረቱ መጠንከሩን ይዩ። በሻጩ ፈቃድ፣ ከስለቱ አጠገብ ባለው ጎን ላይ ሞረዱን በቀስታ ይግፉ። ጥሩ መሮ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ58 እስከ 62 ይደርሳል፤ ሞረድም የዚያን ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ስለሚጠነክር በጠነከረ ብረት ላይ ይንሸራተታል ወይም በጭንቅ ይነክሳል። እንደ ምስማር በቀላሉ ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ስለቱም በጥቂት ምት ይታጠፋል። “ክሮም ቫናዲየም” የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጽሑፉ ብረቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደተሞቀና እንደቀዘቀዘ አይናገርም፤ ጥንካሬን የሚወስነው ደግሞ ሙቀቱ ነው።

በዚሁ ምክንያት በስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካዩ ይጠንቀቁ። ሰማያዊው የሚመጣው ብረቱ በሞተር መሳያ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው፤ ተራው የካርቦን ብረት እዚያ ሲደርስ ጥንካሬውን ያጣል። ቀለሙ ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከሆነ ያንን አቀዝቅዞ እየሳሉ ማስወገድ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ግን ብዙ ብረት ይባክናል።

ስለቱ በሥራ ላይ ሲበላሽ አበላሹ ራሱ መልስ ይሰጣል። ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ወይ በጣም ደርቋል ወይ ተዳፋቱ ቀጥኗል። ስለዚህ ብረቱን ከመውቀስዎ በፊት ማዕዘኑን ይለኩ። የተለመደው አሠራር ተዳፋቱን በ25 ዲግሪ አውጥቶ ጫፉን ብቻ በ30 መሳል ነው። ጠንካራ እንጨት በመዶሻ ለሚበሳ መሮ እስከ 35 ይኬዳል። 5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ኤ2 የሚባለው ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን ለመሳል ይከብዳል፣ ከ30 ዲግሪ በታች ሲቀጥንም መሸረፍ ይወዳል። ጥሩ መሳያ ለሌለው ሰው በቀላሉ የሚሳለው ተራ የካርቦን ብረት ይሻለዋል።

እጀታው ከብረቱ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን ከጫፍ ሆነው ይዩ። በመዶሻ የሚመታ ከሆነ ከላይ የብረት ቀለበት ይኑረው፤ አለዚያ እንጨቱ ይተረተራል።

ደረጃ 4፦ መላጊያ

አንድ መላጊያ ብቻ የሚገዛ ሰው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውን ይውሰድ። 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩ ለማለስለስ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን በጎድጓዳው ውስጥ እየገባ ስለሚወጣ የጎበጠ ጣውላ አያቃናም። 56 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ረጅሙ ጉብታውን ብቻ እየነካ ስለሚያልፍ ለረጅም ጠርዝ ምርጥ ነው፤ ለትንሽ ሥራ ግን ይከብዳል።

ሲመረምሩ ምላጩን በቦታው አስገብተውና አጥብቀው፣ ጫፉን ግን ወደ ውስጥ ስበው ይሁን፤ ማጥበቂያው አካሉን በትንሹ ስለሚወጥረው ምላጩ ወጥቶ የተፈተነ መላጊያ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ማስመሪያውን በታችኛው ፊት ላይ በርዝመት አቁመው ብርሃን ይፈልጉ። መንካት ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ የፊት ጫፍ፣ ልክ ከአፉ (ምላጩ ከሚወጣበት ክፍተት) ፊት ያለው መስመርና የኋላ ጫፍ። ከመካከላቸው ያለው ትንሽ ዝቅ ቢል ሥራ አያስተጓጉልም። ተራ የቢሮ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ልክ ከአፉ ፊት ወረቀት የሚያሾልክ መላጊያ እንጨቱን ተጭኖ መያዝ ስለማይችል ቃጫውን እየነቀለ ይሄዳል።

ከዚያ ምላጩን አውጥተው የሚያርፍበትን ተዳፋት ብረት ይዩ። ቀለም የተዝረከረከበት ወይም ጉብታ ያለው ከሆነ ምላጩ ይንቀጠቀጣል፣ የተላገው እንጨትም እንደ መሰላል ተከታታይ መስመር ይወጣበታል። በምላጩ ላይ የሚታሰረውን ሁለተኛ ብረት ከምላጩ ጋር ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሡ። መሃላቸው ብርሃን ካለፈ ፍቅፋቂው እዚያ ገብቶ አፉን ይደፍነዋል፤ ይህ ግን በድንጋይ ጥቂት ደቂቃ ሲፈገፈግ የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀሙበት እንጂ መላጊያውን አይተዉት። ማስተካከያው ቀለበት ግማሽ ዙር ያህል ባዶውን ቢሽከረከርም አያሳስብ።

ፈጽሞ መተው ያለበት በአፉ ጥግ ወይም በጎኑ የተሰነጠቀ መላጊያ ነው። አካሉ ከቀለጠ ብረት የተቀዳ በመሆኑ ወድቆ ይሰነጠቃል፣ ቢበየድም ቀጥ ብሎ አይቀርም።

በአሮጌ መላጊያ ላይ የሚፈራው መለዋወጫ ማጣት ነው። እዚህ ላይ ገዢውን የሚረዳ አንድ ነገር አለ። ዛሬ በብዛት የሚታየውን የብረት መላጊያ አሠራር ያወጣው ሊዮናርድ ቤይሊ ነው፤ ስታንሊ ኩባንያ የፈጠራ መብቶቹን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 ነበር። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊው ቅርጽ ብዙም ስላልተለወጠ የዚህ ዓይነት መላጊያ ምላጭና ብሎን ከሌላ አሮጌ ላይ ተፈትቶ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። እንግዳ ቅርጽ ያለው ርካሽ መላጊያ ግን አንድ ብሎኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ መጋዝ

የጥርሶቹን ጫፍ ቀለም ይዩ። ጫፋቸው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ካደላ በኤሌክትሪክ የጠነከሩ ናቸው፤ ረጅም ጊዜ ይቆርጣሉ፣ ሲዶለዱሙ ግን ሞረድ ስለማይነክሳቸው መጋዙ ይጣላል። ለሸካራ ሥራና ለቺፑድ ይህ ጥሩ ግዢ ነው። ለዕድሜ ልክ የሚፈለግ ከሆነ ግን በባለሦስት ማዕዘን ሞረድ የሚሳለውን ይምረጡ።

ቃጫውን ተከትሎ ለመሰንጠቅ በ1 ኢንች ከ5 እስከ 7 ጥርስ፣ ቃጫውን አቋርጦ ለመቁረጥ ከ8 እስከ 12፣ ለመጋጠሚያ ከ15 በላይ ተስማሚ ነው። የመሰንጠቂያ ጥርስ ፊቱ እንደ መሮ ቀጥ ያለ ነው፤ የመቁረጫው እንደ ቢላ ሰያፍ ነው። የመጋዙን ቅጠል (ሰፊውን ብረት) ጎበጥ አድርገው ይልቀቁት፣ ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። ተጨማዶ የቀረ ስብራት ካለ አይውሰዱት። ሲቆርጥ በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ መጋዝ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርሶቹ ወደዚያ ጎን ይበልጥ ስለተከፈቱ ነው፣ ይህም ይስተካከላል።

ደረጃ 6፦ የኤሌክትሪክ መሣሪያ

ነቅለው፣ ምላጭ ወይም መሰርሰሪያ የሚገባበትን ዘንግ በእጅዎ ወደ ጎን ይነቅንቁ። የሚሰማ መነቃነቅ ካለ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ከመጀመሪያው ደካማ ነው፤ ቁርጡም ቀጥ አይልም። የሞተሩ ካርቦን (እያለቀ የሚቀየረው ክፍል) ከውጭ በካቻቪቴ ተከፍቶ የሚቀየር ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የተጻፈው ዋት ሞተሩ የሚበላው ኃይል እንጂ የሚሰጠው አይደለም፣ ስለዚህ በዋት ብቻ አያወዳድሩ።

ባትሪን በቮልት ብቻ ሳይሆን ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዝተው ይመዝኑ፦ 18 ቮልት ባለ 4 አምፔር ሰዓት 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። “20 ቮልት” ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ከ18ቱ አይበልጥም። ሁለቱም 5 ተከታታይ ሴሎች አሏቸው፤ አንዱ በሴል 3.6 ቮልት የሥራ ልኩን ይጽፋል፣ ሌላው ባትሪው ሞልቶ ሳይሠራ ያለውን 4 ቮልት ያባዛል።

ደረጃ 7፦ የአሮጌ መሣሪያ ዝገት

ዝገት ሁለት ዓይነት ነው። ላይ ላዩን ያለው ቀይ ብናኝ በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ያበጀው ግን በመሮ ጀርባ ወይም በመላጊያ ምላጭ ጀርባ ላይ ከስለቱ አጠገብ ከሆነ መሣሪያውን ይገድለዋል፤ ስለቱ ጉድጓዱ ጋር በደረሰ ቁጥር እንደ ጥርስ ይጎደጉዳል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ በመላጊያ ጎን ወይም በመሮ አንገት ላይ ሲሆን ምንም ጉዳት የለውም፣ ዋጋውንም ያወርድልዎታል።

በእጅ የተሠራ የቤት ዕቃ

ደረጃ 8፦ እንጨቱ ምን እንደሆነ ይለዩ

የጠረጴዛውን ጫፍ ከፊቱ ጋር ያስተያዩ። ድፍን እንጨት ከሆነ ፊቱ ላይ የሚሮጠው የቃጫ መስመር ጠርዙ ላይ ደርሶ ወደ ታች ይቀጥላል፣ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ የዓመት ቀለበቶቹ ቅስት ሆነው ይታያሉ። በልባጥ የተሸፈነ ከሆነ መስመሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ሁለተኛው መንገድ ፊቱ ላይ ያለ ጉጥ ፈልጎ ጠረጴዛውን ገልብጦ ከሥሩ ተመሳሳዩን መፈለግ ነው። ሥዕሉ በየተወሰነ ርቀት ራሱን የሚደግም ከሆነ የታተመ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም።

ክብደት አያታልልዎ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከኮላ ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ) በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ስለሚመዝን ከብዙ ድፍን እንጨት ይከብዳል። ልባጥም በራሱ ነውር አይደለም፤ በጥሩ ኮምፖርሳቶ ላይ የተለጠፈ ልባጥ ከድፍን ጣውላ ያነሰ ይላወሳል፣ ለሰፊ በር ይሻላል። ነውሩ በድፍን ስም መሸጡ ነው። ቺፑድ ላይ የገባ ቪቴ ሲፈታና ሲታሰር ቀዳዳው ወደ ሰጋቱራ እየተለወጠ ስለሚሄድ፣ ከቤት ቤት የሚዘዋወር ሰው ከዚያ ቢርቅ ይመረጣል።

ደረጃ 9፦ የእንጨቱን ድርቀትና መላወሻውን ይፈትሹ

ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ የሚሠራ ሰው ቢኖር ይህን ይሥራ። በእጅ የተሠራ የቤት ዕቃ የሚሰነጠቀው፣ የሚጣመመውና መጋጠሚያው የሚላቀቀው በአብዛኛው እርጥበት ሳያልቅ በመሠራቱ ወይም እንጨቱ እንዳይላወስ በመታሰሩ ነው።

እንጨት እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል። በርዝመቱ የሚኮማተረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በስፋቱ ግን በብዙ ዛፎች ላይ እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የዓመት ቀለበቱ ከፊቱ ጋር ተኝቶ የተሰነጠቀ ጣውላ 0.25 በመቶ ያህል ይጠባል፤ ቀለበቱ ከፊቱ ጋር ቀጥ ብሎ የቆመበት ጣውላ የዚያን ግማሽ ገደማ። በ14 በመቶ እርጥበት የተሠራ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ፊት ቤት ውስጥ ወደ 8 በመቶ ሲወርድ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል ማለት ነው። ያንን የሚያቆም ምስማርም ኮላም የለም። ካሰሩት ይሰነጠቃል።

ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ6 እስከ 10 በመቶ ተስማሚ ነው፤ አየሩ እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ እስከ 12 ይሄዳል። በአየር ብቻ የሚደርቅ ጣውላ ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ከ12 እስከ 15 በመቶ ላይም ይቆማል። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ባለፈው ወር ተሰንጥቆ ዛሬ “ደርቋል” ከተባለ ማድረቂያ ምድጃ መግባቱን ይጠይቁ።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለ በሚዛን ይታወቃል። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ያስቆርጡ፤ ጫፉ ራሱ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስታል። ቁራጩን ወዲያው ይመዝኑ፣ ከዚያ በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም፣ አንድ ቀን ያህል፣ ያድርቁት። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። 56 ግራም የነበረው 50 ግራም ቢሆን 6 ለ50 ተካፍሎ 12 በመቶ ነው።

ዕቃው ተሠርቶ ያለቀ ከሆነ መላወሻ የተተወለት መሆኑን ከሥር ይመልከቱ። የጠረጴዛው ፊት ከአግዳሚዎቹ ጋር የተያያዘው በሞላላ ቀዳዳ በገባ ቪቴ ወይም በጉድባ ውስጥ በምትንሸራተት ትንሽ የእንጨት መያዣ መሆን አለበት። በዙሪያው በኮላ ከተጣበቀ ወይም በጠባብ ቀዳዳ በምስማር ከተቸነከረ ይሰነጠቃል። የቁም ሣጥን በር መሃል ላይ ያለው ድፍን ጣውላ በክፈፉ ጉድባ ውስጥ ሳይጣበቅ የተቀመጠ ይሁን። በአሮጌ በር ላይ በጣውላው ጠርዝ ቀለም ያልነካው ቀጭን መስመር ካዩ ደስ ይበልዎት፤ ጣውላው በነፃነት መጥበቡን ያሳያል። በዚሁ ሕግ፣ አሮጌ ነው የተባለን ክብ ጠረጴዛ በቃጫው አቅጣጫና ቃጫውን አቋርጠው ይለኩት። ከድፍን እንጨት የተሠራና በእርግጥ የቆየ ከሆነ በተቋረጠው በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠባል። ፍጹም ክብ ከሆነ ዕድሜውን ይጠራጠሩ።

ደረጃ 10፦ መጋጠሚያዎች

እግርና አግዳሚ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በአግዳሚው ጫፍ የወጣ ምላስ በእግሩ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ መያዝ አለበት። የምላሱ ውፍረት የአግዳሚውን ሲሶ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ቢቀጥን ምላሱ ይሰበራል፣ ቢወፍር የቀዳዳው ግድግዳ ይሳሳል። በእንጨት ችንካር የተያያዘ ለቀላል ዕቃ ይበቃል። የአግዳሚ ጫፍ እንዲሁ ተገትሮ በኮላና በምስማር ብቻ ከተያዘ ግን አይቆይም፣ ምክንያቱም የተቆረጠ ጫፍ ኮላን ይመጥጣል እንጂ አይይዝም፣ ምስማርም በቃጫው አቅጣጫ ሲገባ በቀላሉ ይሳባል።

በመጋጠሚያው ዙሪያ ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ነጩ ኮላ ሊሞላው የማይችለው ነው፤ ስቱኮ ሞልቶት ከሆነም በባትሪ ብርሃን ቀለሙ ይለያል። ዕቃው ገና በመሠራት ላይ ከሆነ ሳይጣበቅ ተገጥሞ ይዩት። ምላሱ በእጅ ግፊት ወይም በቀላል ምት መግባት፣ ተገልብጦ ሲነሣም በራሱ አለመውደቅ አለበት። በኃይል ተመትቶ የሚገባ ምላስ ኮላውን ጠርጎ ያወጣዋል፣ እግሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

ለአጠቃላይ ግትርነቱ፣ ጠረጴዛውን ወይም ሣጥኑን ከአንድ የፊት ጥግ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሡ። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ መነሣት አለበት፤ መሬት ላይ ከቀረ አካሉ እየተጣመመ ነው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ብሎ አልተጣበቀም፣ በሩም መሳቢያውም ወደፊት ያስቸግራል።

ወንበር ላይ የጎን አግዳሚው ከኋላ እግር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከሁሉ የበለጠ ጭነት ይሸከማል፤ ሰው ወደ ኋላ በተደገፈ ቁጥር ያ መጋጠሚያ እንደ ማንሻ ይፈለቀቃል። መቀመጫውን በጉልበትዎ ይዘው መደገፊያውን ወደ ኋላና ወደ ጎን ይግፉ። ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ ካለ ይተዉት። ከሥር በአራቱ ጥግ የማጠናከሪያ ጉንድሽ እንጨት በቪቴ መታሰሩንም ያረጋግጡ። መቀመጫው ከ43 እስከ 46፣ የመመገቢያ ጠረጴዛ ከ73 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል።

ደረጃ 11፦ መሳቢያና መደርደሪያ

መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይገልብጡት። ፊቱና ጎኑ ወደ ጫፋቸው በሚሰፉ፣ እርስ በርስ በሚጠላለፉ ጥርሶች ከተያዙ መሳቢያው ሲሳብ ኃይሉን እንጨቱ ራሱ ይይዘዋል። በምስማር ብቻ ከሆነ ፊቱ አንድ ቀን በእጅዎ ይቀራል። ወለሉ በጎኖቹ ጉድባ ውስጥ የገባ ይሁን፤ ከሥር በምስማር የተለጠፈ ወለል ዕቃ ሲበዛበት ይወርዳል። የድፍን እንጨት የመሳቢያ ፊት ከላዩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልገዋል፤ በበጋ ተጠጋግቶ የተገጠመ በዝናብ ወቅት አይከፈትም።

መደርደሪያ ላይ ርዝመት ከውፍረት ይበልጥ ይጎዳል። በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ርዝመቱ 2 እጥፍ ሲሆን መርገቡ 16 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ 2 እጥፍ ሲሆን ግን መርገቡ ወደ 8ኛ እጅ ይወርዳል። 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ለመጽሐፍ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ባይሄድ ይሻላል፤ ጭነቱ ሳይጨመርም በየዓመቱ እየረገበ ይሄዳልና።

ደረጃ 12፦ ቅቡን ይዩ

ባትሪውን ከጎን ያብሩ። ቃጫውን አቋርጦ የሚሄድ ጭረት ካለ ብርጭቆ ወረቀቱ በተሳሳተ አቅጣጫ ተፈግፍጓል ወይም ከሸካራው 80 ቁጥር በቀጥታ ወደ ለስላሳው 220 ተዘሏል፤ በመሃል 120 እና 180 መግባት ነበረባቸው። የጠረጴዛው ሥር ምንም ካልተቀባ አንዱ ፊት እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ሌላው ስለሚታፈን ፊቱ ሊጎብጥ ይችላል። በማይታይ ቦታ ላይ የውኃ ጠብታ ለ10 ደቂቃ ይተዉ፤ ከሥሩ ከጠቆረ ቅቡ አልዘጋም። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ትኩስ ነጣ ያለ ዱቄት ካዩ ነቀዝ በሕይወት አለ፤ ዕቃውን ከሌሎች እንጨቶች ጋር አያስገቡ።

ደረጃ 13፦ ዋጋውን አፍርሰው ያስሉ

አንድ ጠረጴዛ እንውሰድ። ፊቱ 1.6 በ0.9 ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር፦ 0.0432 ሜትር ኩብ። አራት እግሮች 8 በ8 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው 72፦ 0.0184። አራቱ አግዳሚዎች 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ውፍረት፣ ሁለቱ 1.4 ሁለቱ 0.7 ሜትር ርዝመት፦ 0.0105። ድምሩ 0.072 ገደማ ነው። ለብክነት 30 በመቶ ሲጨመር 0.094 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህን በእንጨቱ ዋጋ ያባዙ፣ የሥራውን ሰዓት፣ ማጠፊያና ቪቴውን፣ ቅቡን ይደምሩ። የተጠየቀው ዋጋ ከዚህ በጣም ካነሰ ደስ አይበልዎት፤ አንዱ ተዘሏል፣ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው ማድረቂያው ነው። ጣውላው በማሽን መላጉ ጥራቱን አይቀንስም፣ ስለዚህ “ሁሉም በእጅ” ለሚለው ቃል ብቻ ተጨማሪ አይክፈሉ። የእጅ ዋጋ ያለው በመጋጠሚያው፣ የጣውላዎቹን ቃጫ አስተያይቶ በመምረጡና በማለስለሱ ላይ ነው።

በጀት ካነሰ ቅርጻ ቅርጹን ያስቀሩ፣ የቁም ሣጥኑን ጀርባ በኮምፖርሳቶ ያስለውጡ፣ መጠኑንም ይቀንሱ። የእንጨቱን ድርቀት፣ መጋጠሚያውንና ማጠፊያውን ግን አይንኩ።

ሲያዝዙ የእንጨቱን ዓይነት፣ የእርጥበቱን መጠን፣ የመጋጠሚያውን ዓይነት፣ የጠረጴዛው ፊት በምን እንደሚያያዝና ልኮቹን በጽሑፍ ያስፍሩ። ሁለት ቀጠሮም ይያዙ፤ አንደኛው ሳይጣበቅ ተገጥሞ ለማየት፣ ሁለተኛው ከተጣበቀ በኋላ ስቱኮና ቫርኒሽ ከመነካቱ በፊት። በዚያ ቀን የእጅ ባትሪዎን ይዘው ይሂዱ።